በእኔ ቁመት የተለካ ዱላ

በራችን አጠገብ፣ ከካፖርቶቹ ሥር የሚቆም አንድ ዱላ አለን። ጫፉ ብረት ነው። አናቱን መዳፌ አለስልሶታል። ከመያዣው ዝቅ ብሎ የተራራ ሥዕል ያለባት ትንሽ ቆርቆሮ ተመትታበታለች። ዝናብ ሲነካው እስከ ዛሬ ጥድ ጥድ ይሸታል፤ ወይም ለእኔ ይመስለኛል።

ረቡዕ ረቡዕ ኖርዝጌት የሚባል ሰፈር ያለ የታመመ ወዳጄን ልጠይቅ በባቡር እሄዳለሁ። ዛሬም ጫማዬን አጥልቄ ዱላዬን ሳነሳ ባለቤቴ ከማድ ቤት ብቅ አለችና «ቁርስህን ሳትጨርስ የት ነው?» ብላ መልሳ አስቀመጠችኝ። ዱላውን በጉልበቶቼ መሃል አቁሜ ተቀመጥኩ። ትናንት ዝናብ ነክቶት ነበርና ሽታው ወደ አፍንጫዬ ወጣ። ያ ሐምሌም አብሮት መጣ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። ያኔ ሰፈራችን ቢከን ሂል ላይ ባቡር የሚባል ነገር አልነበረም። እኔ፣ ባለቤቴና አምስት ዓመት የሆናት ልጃችን ጠባብ አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር። እኔ ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ፤ እሷ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች። ሰማዩ የጠራ ቀን ከመንገዳችን ጫፍ ሬይኒር፣ ያ ነጩ ተራራ፣ ጉብ ብሎ ይታያል። እሷ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆማ ታየዋለች።

«አንድ ቀን ሄደን እንንካው» ትለኛለች፣ ልክ እንደ ልጃችን።

እንዲህ ስትል ዓመታት አለፉ። አንድ ሐምሌ ላይ ሁለታችንም ቅዳሜና እሑድን እረፍት አገኘን። አንድ ባለታክሲ ወዳጅ ነበረን፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ቤታችን የሚበላ፣ ቀልዱ የማያልቅ። መኪናውን ይዞ ሊመጣ ቃል ገባ፣ ከአንድ ፈረንጅ ጎረቤቱም ድንኳን ተዋሰልን። ባለቤቴ ከረቡዕ ጀምራ ዳቦ ትደፋለች፣ ዶሮ ትቀቅላለች። ቤቱ የዓመት በዓል ዋዜማ መሰለ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የማኅበራችን ሽማግሌ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጡ። በሠርግም በልቅሶም ከፊት የምናስቀድማቸው ሰው ነበሩ። የምቀመጥባት ክፍል ጠባብ ናት፤ ወንበሯም አንድ ናት። ተነስቼ ልለቅላቸው ስል ትከሻዬን ይዘው «አንተ ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉኝ። እሳቸው ቆመው እኔ ተቀመጥኩ።

«የባለቤትህ አባት ዐርፈዋል። ማክሰኞ ተቀብረዋል።»

ከመኪና ጭስ ጋር ነው ቃላቸው የገባኝ።

«ወንድሟ ሎስ አንጀለስ ነው፤ ሰምቷል፣ ሰኞ ንጋት ላይ ይደርሳል። የሥጋ ዘመድ አጠገቧ ሳይኖር አትረዳም።»

«አባቴ፣ እኛ እኮ ነገ ተራራ ልንሄድ ነው» አልኳቸው።

«ሂዱ። ብትቀሩ ትጠረጥራለች። በደንብ አብላት፣ ንፋስ ይምታት፣ ትሳቅ። ሐዘን ጉልበት ይፈልጋል። እኛ ሰኞ ጎህ ሲቀድ እንመጣለን።»

«እኔ ፊቴ አይደብቅም፤ እርስዎም ያውቁኛል።»

«እግዜር ይሸፍንልህ» አሉና ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ።

ይኼ የኛ ሥርዓት ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ለብቻ አይነገርም፣ በባዶ ሆድ አይነገርም። ሥርዓቱ ክፉ አይደለም፣ ለሰው ታስቦ ነው። ግን ከዓርብ እስከ ሰኞ ተሸካሚው ምን እንደሚሆን የነገረኝ የለም።

አባቷን ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አትዩት። እናቷ ገና በልጅነቷ ነው የሞተችው። ያሳደጋት እሱ ነው። ፀጉሯን እንኳ ራሱ ነበር ሹሩባ የሚሠራላት፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እሷን በጉልበቶቹ መሃል አድርጎ። ጎረቤት ሲስቅበት «እናንተ ሳቁ፣ ልጄ አምራለች» ይል ነበር አሉ። እሷ ልጃችንን ስትሠራት ሁሌ ይህን ታወራለች። አባባ እንዲህ ነበር የሚይዘኝ፣ አባባ እንዲህ ነበር የሚጎትተኝ እያለች።

ቅዳሜ ማለዳ ተነሳን። ባለታክሲውም ነገሩን ሰምቷል፤ ሽማግሌው ነግረውታል። ሲሳለመኝ እጄን ጨብጦ ትንሽ አቆየው፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ጀመረ።

«እህቴ፣ እኔ ዳገት ላይ ነው የተወለድኩት። ባገሬ ሰው ዳገት የሚወጣው ወይ ወፍጮ ቤት ለመሄድ ነው፣ ወይ የጠፋ በሬ ለመፈለግ ነው። እነዚህ ፈረንጆች ግን ምንም ሳይጠፋባቸው ይወጣሉ!»

«አንተ ደግሞ ሚስት ፈልግበት» አለችው።

«በዚያ ቅዝቃዜ የምትገኝ ሚስት ድብ ናት!»

ሳቀች። ልጃችን ከኋላ «ማሚ፣ ሪል ድብ?» ብላ ጮኸች። መስኮቱ ተከፍቶ የጥድ ሽታ እየገባ፣ ፀሐይዋ በዛፎቹ መሃል ብልጭ ድርግም እያለች ሄድን። እኔ ፊቴን ወደ ውጪ አዙሬ ነበር።

ደርሰን መኪናውን ፓርክ አድርገን ድንኳን መትከል ያዝን። እኔና ባለታክሲው ካስማ እንመታለን፤ እሷ ሸራውን ይዛ ትረዳናለች። መሃል ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመችና፣ «ቆይ፣ እኛ አገር ድንኳን የሚተከለው ለሠርግ ነው ወይ ለልቅሶ ነው። የኛ ለየትኛው ነው?» አለች፣ እየሳቀች።

መዶሻው አየር ላይ ቀረ። እዚያ ማዶ፣ አገር ቤት፣ በክረምቱ ዝናብ፣ አባቷ ደጃፍ ላይ የተተከለው ድንኳን ታየኝ። ሰው ተደርድሮ፣ ጭቃው ላይ ሣር ተጎዝጉዞ።

«ለሠርግ ነዋ!» አለ ባለታክሲው ቶሎ ብሎ። «እኔን ልትድሩኝ! ድቧ እሺ ብላለች!»

እሷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱ ግን «ውኃ ላምጣ» ብሎ ወደ ወንዙ ወረደ፣ ቆየም። ሲመለስ ፊቱም ደረቱም ርሶ ነበር። ባልዲው ባዶ ነው።

አብላት ተብያለሁና አበላታለሁ። እንቁላሉን በአዋዜ እየነከርኩ፣ የዶሮውን ፈረሰኛ እየፈለግኩ። አንዴ ሳጎርሳት፣ «በቃኝ» ስትል፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብዬ ደገምኩላት።

«ምን ሆነሃል ዛሬ? በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ አላጎረስከኝ» አለችኝና ጉንጬን በአዋዜው እጇ ነካችኝ።

እሑድ ወደ ላይ ወጣን። የእግር መንገዱ በአበባ መሃል ነው የሚያልፈው፤ ሐምራዊ፣ ቀይ፣ ነጭ። ከቋጥኞቹ ሥር ወፍራም ሽኮኮ የመሰሉ አውሬዎች እንደ እረኛ ያፏጫሉ፤ ልጃችን መልሳ ታፏጫለች። ፏፏቴው ከሩቅ ይሰማል። ባለታክሲው በየመታጠፊያው «በሬው እዚህም የለም!» ይላል። ሌላ ቀን ቢሆን በሕይወቴ ደስ ካለኝ ቀን ሁሉ ይኼ ይበልጥ ነበር።

ከዚያ በረዶው ጋ ደረስን። በሐምሌ ፀሐይ፣ ዓይን የሚወጋ ነጭ። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ዘገነች።

«ነካሁት!» ብላ ጮኸች። ገደሉ መልሶ ጮኸ። «አየህ? ነካሁት!»

ሮጣ መጥታ ኮሌታዬ ውስጥ ጨመረችብኝ። በረዶው በጀርባዬ ሲወርድ ሁሉም ሳቁ። እኔም እንባዬ መጣ፤ ሁሉም ቅዝቃዜው ነው አሉ እንጂ ሌላ አላሉም። ለዚያ በረዶ ውለታ አለብኝ።

ስንወርድ ሥዕልና ስጦታ የሚሸጥበት ቤት ገባን። ውስጡ የእንጨትና የሰም ሽታ ነበረው። ልጃችን የጨርቅ ድብ አቅፋ አልለቅም አለች። ባለቤቴ ግን ጥግ ላይ በርሜል ውስጥ የተቀመጡትን ዱላዎች ታገላብጣለች። አንዱን መዘዘች፤ ጫፉን በጣቷ ነካካችው።

«ብረት አለው» አለችኝ። «ለአባባ! አሁን ክረምት ነው፣ ያ ጭቃ አይጥለውም።»

ከዚያ አባቷን ሆነች። አንድ እጇን ወደ ኋላ፣ ዱላውን በሌላው፣ ጉሮሮዋን እንደ ሽማግሌ ጠርጋ፣ በሱቁ መሃል ተራመደች። ልጃችን በሳቅ ፈነዳች፤ ሻጯም ፈገግ አለች። ባለታክሲው በሩን ከፍቶ ወጣ።

«ቁመቱ ግን ይበቃዋል?» አለች። ዱላውን አየች፣ እኔን አየች። «አንተና አባባ እኩል ናችሁ። እስቲ ያዘው።»

አስያዘችኝ። ክንዴን አስተካከለች፣ ትከሻዬን ቀና አደረገች። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ፣ ጭንቅላቷን ዘመም አድርጋ አየችኝ። የሞተ ሰው ልክ ሆኜ ቆምኩ። ምን ልበል? ተይው ልበል? በምን ምክንያት? ግዢው ልበል? ማን ይይዘዋል?

«ንገረኛ! ይበቃዋል?»

«ልክ ነው» አልኩ።

ተገዛ። ስንመለስ በመንገዱ ሁሉ ዱላው በጉልበቶቿ መሃል ነበር፤ ልጃችን ጭኗ ላይ ተኝታለች፤ እሷም አንገቷ ዘንበል ብሎ ተኛች። ፀጉሯ ላይ አንድ የጥድ ቅጠል ተሰክቶ ቀርቷል። የባለታክሲው ዓይን በመስታወት ከዓይኔ ጋር ይጋጫል፤ ሁለታችንም እንሸሻለን። ሁለት ወንዶች ሆነን አንዲት እንቅልፍ የወሰዳትን ሴት ከነገ መደበቅ አቃተን። ወደ ከተማው ስንቃረብ ዝግ አድርጎ መንዳት ጀመረ። ከኋላችን ያለው መኪና ክላክስ ሲያደርግበት እጁን በመስኮት አውጥቶ እለፍ አለው እንጂ አልፈጠነም።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እሷ ቀድማኝ ተነስታ የልጃችንን ጫማ ጭቃ እያራገፈች ነበር፤ ሄዳ ከፈተች። ወንድሟ ቆሟል።

«ውይ! ሳትነግረኝ!» አለችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ደስታዋ እስኪያልቅ ትንሽ ጊዜ ነበር፤ ያቺን ጊዜ እስከ ዛሬ እጠላታለሁ። በትከሻው ላይ አሻግራ ስታይ ደረጃው ላይ ሽማግሌውን፣ ነጠላ ያጣፉትን ሴቶች፣ አንገቱን የደፋውን ባለታክሲ አየች። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። ከኔ በኋላ ደግሞ ጥግ ላይ የቆመውን ዱላ አየችው።

«አባባ!» ብላ ጮኸች። ያ የተራራው ጩኸት ገደል መልሶለት ነበር። ይኼንን የመለሰለት የለም።

ለቅሶው አልፎ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ አንድ ማታ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ልጃችንን ሹሩባ ትሠራለች። ቀና ሳትል፣ «ዱላውን ስለካብህ ምን አሰብክ?» አለችኝ። በቁጣ አይደለም።

ዱላውን ለማንም አልሰጠችም። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲገኝ «ላኪውና ለአንድ ሽማግሌ ይሁን» ሲሏት እምቢ አለች። በአሮጌ አንሶላ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ዘንድሮ አምና ስል ዕድሜ ሄደ። ጉልበቴ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ከሆስፒታል የወጣሁ ዕለት አውጥታ አስያዘችኝ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ አየችኝና «ያኔም ልኩ አንተ ነበርክ» አለች።

ከዚያ ተራራ ወዲህ ግን አንድ ነገር አልለቀቃትም። በገበታ ላይ ረስቼ «ብዪ እንጂ» ካልኳት እጇን ከማዕዱ ታነሳለች። ዓይኔን ትኩር ብላ አይታ፣ «ማን ሞተ?» ትለኛለች። ልጆቻችን ይስቃሉ። እኛም አብረናቸው እንስቃለን።

ዛሬ ቁርሴን ጨርሼ ልነሳ ስል እንደገና ሳህኑን ሞላችው። «ዛሬ ኖርዝጌት ይቅር» አለችኝ። «ዝናብ ነው። ነገ በጠዋት ልጃችን ትመጣለች፤ አብረን እንሄዳለን።» ልጃችን የሥራ ቀን መጥታ አታውቅም። ሌሊቱን ስልኩ ጠርቶ ነበር፤ ማድ ቤት ገብታ በሹክሹክታ ስታወራ በእንቅልፍ ልቤ ሰምቻለሁ።

ኖርዝጌት አልጋ ላይ ያለው ያ ባለታክሲ ነው።

ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣች። ፊቷ፣ ምስኪን፣ አይደብቅም፤ የኔም እኮ ያኔ አልደበቀም ነበር፤ ብርዱ ነው የሸፈነልኝ። ማን ሞተ ልላት ምላሴ ጫፍ ደረሰ። ከዚያ የሷ ሸክም ምን ያህል እንደሚከብድ ትዝ አለኝ፤ ብጠይቃት ምን ትላለች? ዱላውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩና ጎረስኩላት።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለችኝ፣ ወደ መስኮቱ እያየች።

አፌን ከፈትኩላት።