የኮስታራዋ ቅንድብ

በአውቶቡስ መናኸሪያው ትኬት የሚቆረጠው በሦስት መስኮቶች ነው። የመካከለኛው መስኮት ሰልፍ ሁልጊዜ አጭር ነው። ሰው ግራና ቀኝ ተሰልፎ ፀሐይ ይመታዋል እንጂ ወደ መሃል አይጠጋም። የግድ ሆኖበት የመጣም ዝርዝር ብሩን ጨብጦ፣ የሚሄድበትን ከተማ በልቡ እየደጋገመ ነው የሚቀርበው።

«ሁለት ሰው... ይቅርታ፣ አንድ ሰው» ይላል ተደናግጦ።

ትኬት ቆራጯ ከመስታወቱ ጀርባ የምትታየው ከአንገት በላይ ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ ደግሞ ቀድሞ ዓይን የሚገባው ቅንድቧ ነው፤ በእርሳስ የተሳለ፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ወደ አፍንጫዋ ቁልቁል የወረደ። የሥራ ባልደረቦቿ «ኮስታራዋ» ይሏታል። በሐሜት ብቻ አይደለም፣ ፊት ለፊትም ይሏታል፤ እሷም ትስቃለች። ስትስቅ ግን የሚስቀው አፏ ብቻ ነው፤ ቅንድቧ እዚያው ቁጣው ላይ ይቀራል። ስለዚህ መሳቋን ብዙ ሰው አያምናትም።

«ኮስታራዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትውጪ ነው?» ይላታል የጫኞቹ አለቃ ጠዋት ሲያልፍ።

«አንተን ነበር፤ አጥንት ብቻ ሆንክብኝ።»

ስቆ ያልፋል። የቀኑ ጨዋታዋ እሱ ነው፤ ሌላው «የት?» እና «ስንት ሰው?» ብቻ ነው። ለነፍሰ ጡርና ለሽማግሌ ሳይጠይቋት የፊት ወንበር ትይዛለች፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን የአውቶቡሱ ረዳት ነው።

ቅንድቧን ያጣችው በልጅነቷ ነው። ያን ጊዜ ቀጭን ቅንድብ ፋሽን ነበርና ከጓደኛዋ ጋር ተቀምጠው በክር ተነቃቀሉ። የጓደኛዋ ተመልሶ በቀለ፤ የእሷ አኩርፎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ትስለዋለች። የምትስለው ባሏ ጢሙን ይላጭበት በነበረው መስታወት ነው። ባሏ ቀውላላ ሰው ነበርና መስታወቱን በራሱ ቁመት ሰቅሎት ነው የሞተው። እሷ አጭር ናት። አንጋጣ፣ ግንባሯን ሽቅብ ሸብሽባ ነው የምትደርስበት። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ደግሞ መስመሩ እንዲታያት እርሳሱን ጫን ታደርጋለች።

ልጅ አልወለደችም። የቅርብ ዘመድ የምትላት ሌላ ከተማ የምትኖር የእህቷ ልጅ ናት። ባለፈው ዓመት የእህቷ ልጅ ትንሽ ሴት ልጇን ይዛ ልታድር መጥታ ነበር። ሕፃኗ በሩ ላይ ቀና ብላ አይታት «ትቆጣኛለች!» ብላ ጩኸቷን ለቀቀችው። ከረሜላውም አሻንጉሊቱም አልሠራም። እናትና ልጅ ሳያድሩ በመጡበት ተመለሱ። እሷም ያነጠፈችውን አዲስ አንሶላ አጥፋ መልሳ ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

አሁን የእህቷ ልጅ እንደገና ደወለች። በሚቀጥለው ሳምንት ለሥራ ፈተና ልትመጣ ነው።

«ሕፃኗንስ?» አለቻት።

«ጓደኛዬ ጋ ልተዋት ነው አክስትዬ።»

«እኔ እያለሁ?»

«ታውቂያታለሽ እኮ... እንደ ባለፈው ብታለቅስ ፈተናውን ትቼ ነው የምመለሰው።»

«እስቲ አምጫት። በሩ ላይ ካለቀሰች ወደ ጓደኛሽ ትወስጃታለሽ፤ ቅር አይለኝም።»

ስልኩን ዘጋች። ይህች ልጅ ሁለተኛ ካለቀሰች ሦስተኛ እንደማትመጣ ገብቷታል።

ከመናኸሪያው ወደ ቤቷ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የሴቶች ውበት ሳሎን አለ። ሁልጊዜ ታልፈዋለች። በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ገባች፤ እንደገባች ግን በሩ አጠገብ ቆመች።

«ፀጉር ነው እናቴ?» አለች ባለሳሎኗ፤ ወጣት፣ ጨዋታ የምትወድ ልጅ ናት።

«ቅንድቤን... ሰው የሚያስፈራ እንዳይሆን።»

ባለሳሎኗ ልትስቅ ነበር፤ ፊቷን አይታ ተወችው። «እስቲ ቤትዎ እንደሚያደርጉት ይሳሉልኝ» ብላ አሮጌውን ጠርጋ እርሳስ ሰጠቻት።

ትኬት ቆራጯ እርሳሱን ይዛ አገጯን አነሳች።

«ቆይ ቆይ፣ ግንባርዎን ለምን ያነሱታል?»

«እኔ? አላነሳሁም።»

«ኧረ እያነሱት ነው!» ባለሳሎኗ ጣቷን ግንባሯ ላይ አሳረፈችላት። «ይልቀቁት... አሁንም... ሙሉ በሙሉ ይልቀቁት። ቤትዎ ያለው መስታወት ከፍ ብሎ ነው እንዴ የተሰቀለው?»

«የባለቤቴ ነበር።»

«በሉ ነገሩ ይኸው ነው። ግንባርዎን ሰቅለው ይስሉታል፤ ግንባሩ ሲወርድ ቅንድቡን ይዞት ይወርዳል። እርስዎ አልተቆጡም እናቴ፤ የተቆጣው ሥዕሉ ነው።»

ትኬት ቆራጯ እርሳሱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ባሏ በሕይወት ሳለ ጠዋት ከበሩ ሳትወጣ አገጯን ይዞ ያያት ነበር። «ቀኝሽ ወርዷል» ብሎ በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ ያደርግላታል። ፍቅሩ ይመስላት ነበር፤ ለካ እያስተካከለላትም ኖሯል። ከእሱ በኋላ ፊቷን ቀርቦ ያየ ሰው የለም።

«አለቀሱ እንዴ?»

«እርሳሱ ነው፤ ዓይኔ ገባ።»

ባለሳሎኗ ከኋላዋ ቆማ አሳየቻት። ጥቁሩን መተው፤ ለሸበተ ፀጉር ወደ ግራጫ ያደላ ቡናማ ይሻላል። ቁጭ ብሎ፣ ግንባርን አሳርፎ፣ በመስኮት ብርሃን መሳል። «መስመር አያስምሩ። ፀጉር ነው የሚስሉት፤ አጭር አጭር፣ እንደበቀለ ሁሉ። በአፍንጫ በኩል ሳሳ ያድርጉት። ጫፉንም ወደ ታች አይጎትቱት፤ ዕድሜ ራሱ ይጎትተዋል። መጨረሻ ላይ በንጹሕ የጥርስ ብሩሽ ያበጥሩት። ሰው ሲያይዎት ተኳለች ሳይሆን ደህና አድራለች ካለ ተሳካልዎት ማለት ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትኬት ቆራጯ ቤቷ በእጅ የሚያዝ መስታወት ይዛ መስኮቱ ሥር መቀመጥ ያዘች። የመጀመሪያው ቀን አንዱ ቅንድብ ከሌላው ጋር የተጣላ ይመስል ነበር። ጠረገችው። ሌላ ቀን ሳሳና ከነጭራሹ ጠፋ። እየዋለ እያደረ ግን እጇ ቀለለ።

«ኮስታራዬ!» አላት የጫኞቹ አለቃ፤ ከዚያ ቆም አለ። «ምነው፣ አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«እንጃ፣ የሆነ ነገርሽ ጎድሏል» ብሎ ሳይቀልድ አለፈ። ያን ቀን የእሷ ሰልፍ ከሌሎቹ እኩል ረዘመ። አንድ ሽማግሌ መስኮቱ ላይ ተደግፎ ስለታመመ ልጁ አንድ በአንድ አወራላት። ሰው እንዲህ ሲያወራት ምን እንደሚባል ከረሳች ቆይታለች። «ወንበርዎ በመስኮት በኩል ይሁንልዎት?» አለችው በመጨረሻ፤ ሽማግሌውም ቅር ብሎት ትኬቱን ይዞ ሄደ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። የእህቷ ልጅ በሩን ስታንኳኳ ሕፃኗ በእናቷ ቀሚስ ተሸፍና፣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር።

«ዓይንሽን ግለጪ» አለቻት እናቷ። «አክስቴን ሰላም በያት።»

በጣቶቿ መሃል አንድ ዓይን ብቅ አለ። ሽቅብ አየ፤ ቆየ። ከዚያ እጆቹ ወረዱ። ልጅቷ በትኬት ቆራጯ ጎን አንገቷን አስግጋ ወደ ቤቱ ውስጥ ተመለከተች።

«ቁጡዋ አክስትስ?»

«አንቺ ልጅ!» አለች እናት ደንግጣ።

«ሥራ ሄዳለች» አለች ትኬት ቆራጯ። ከየት እንደመጣላት እሷም አላወቀችም።

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«ታመሻለች።»

«አንቺ ማነሽ ታዲያ?»

የእህቷ ልጅ አፏን ከፈተች፤ አክስቷ በዓይኗ ከለከለቻት።

«እኔ ቤት ጠባቂዋ ነኝ።»

ሕፃኗ ሳታለቅስ ገባች። እናቷም ሰዓቷን እያየች፣ ግራ እንደተጋባች ሄደች።

ዳቦና እንቁላል በሉ፤ የልብስ ቁልፎችን በቀለም በቀለማቸው ለዩ። ደጅ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ሕፃኗ «መጣች!» ትላለች፤ ሁለቱም ሮጠው ከመጋረጃው ጀርባ ይደበቃሉ። ሴትዮዋ ጉልበቷ እየቆረጠማት ትቀመጣለች፤ ሕፃኗ አንድ ጣቷን ጨምድዳ ትይዛታለች። ኮቴው የጎረቤት ሆኖ ያልፋል። ማንም ጣቷን ይዟት አያውቅም ማለት ባይቻልም፣ ሰው ከያዛት ግን ብዙ ጊዜ አልፏል።

«አንቺ ከእሷ ጋር ነው የምትኖሪው?» አለች ሕፃኗ በሹክሹክታ።

«አዎ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ትጮህብሻለች?»

«ኧረ አትናገርም። ዝም ብላ ነው የምትውለው።»

ሕፃኗ ይህን አሰበችበት። «እኛ ቤት ነይ በቃ።»

«እሷስ? ብቻዋን ትቅር?»

«እሷ እኮ አታለቅስም።»

ሴትዮዋ የመጋረጃውን ጠርዝ አስተካከለች።

ከቀትር በኋላ እናት ፈተናዋን ጨርሳ መጣች። ልጇን ሴትዮዋ ጭን ላይ ተኝታ ስታገኛት በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«እውነቱን ልንገራት አክስትዬ?» አለች ድምፅዋን ቀንሳ። «አንቺው እንደሆንሽ ትወቅ እንጂ።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ትልመደኝ።»

«ማንን ነው የምትለምደው ታዲያ?»

ሴትዮዋ ሕፃኗን ቀስቅሳ ጫማዋን አሰረችላት፤ አውቶቡስ ድረስ ሸኘቻቸው፤ የፊት ወንበር አስያዘችላቸው። ሕፃኗ በመስኮቱ እጇን እያወዛወዘች «እንዳትነግሪያት!» ብላ ጮኸች። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያት።

ሲመሽ ስልኩ ጮኸ። የእህቷ ልጅ በሰላም መግባታቸውን ተናግራ ሳትጨርስ ስልኩ ከእጇ ተነጠቀ።

«መጣች?» አለ ትንሹ ድምፅ።

ሴትዮዋ ቤቷን ዞር ብላ አየች።

«መጥታለች።»

«ምን እያደረገች ነው?»

«አልጋ ላይ ቁጭ ብላለች።»

«ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም።»

«እንዳትሰማሽ ቀስ ብለሽ አውሪኝ እሺ?»

«እሺ» አለች ስልኩን ወደ ከንፈሯ አስጠግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይኸው ቀስ አልኩ። ንገሪኝ።»