በኋለኛዋ ልጅ እጅ ላይ የጮኸው ሰዓት

እትዬ ፊሽካን የማያውቅ ሰው በዚያ ትምህርት ቤት አልተማረም ማለት ነው። የመዝገብ ስማቸውን መዝገብ ቤቱ ያውቀዋል፤ ለሌላው ሕዝብ ግን እትዬ ፊሽካ ናቸው፣ አለቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስፖርት አስተምረዋል። ጠዋት ዘበኛው በሩን ሳይከፍት ደጅ ቆመው ይጠብቁታል፤ ከገቡ በኋላ ደግሞ ሜዳውን በእግራቸው እየዞሩ ጠጠሩንና የጠርሙስ ስባሪውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። "እዚህ ላይ ወድቆ የሚላጠው የልጅ ጉልበት ነው፤ የርእሰ መምህሩ አይደለም" ይላሉ። ጫማው የተቀደደበት ልጅ ካዩ ያስወልቁትና በምሳ ሰዓት በወስፌ ሰፍተው ይመልሱለታል። ሲመልሱ ታዲያ ፈገግታ የሚባል ነገር የለም፤ "በል፣ አሁን ምክንያት የለህም!" ነው። እንዲህ ያለ አስተማሪ ዛሬ ዛሬ በመብራት ቢፈለግም አይገኝም።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ራሳቸው አውጥተው፣ ራሳቸው በትልልቅ ፊደል ጽፈው የስፖርት ዕቃ ክፍሉ በር ላይ ለጥፈውታል፦ የሜዳውን ዙሪያ ስድስት ጊዜ፣ በሰባት ደቂቃ ተኩል። በዓመቱ መጨረሻ ይህን ያላሟላ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ካርዱ ላይ በቀይ "ወድቋል" ተብሎ ይጻፍበታል። ልመና የለ፣ አማላጅ የለ። ወላጅ ሊያለቅስባቸው ሲመጣ የማይረቱበት አንድ መልስ ነበራቸው፦ "እኔ የገዛ ልጄን ጥያለሁ። ያንቺ ከኔ ትበልጣለች?"

እውነት ነው፣ ጥለዋታል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት። ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ፣ ለነጻ ትምህርት ታጭታ የነበረች ልጅ፣ በዚያች ቀይ ቃል ምክንያት ዕድሏ አመለጣት፤ መስፈርቱ "በየትኛውም ትምህርት ያልወደቀች" ይል ነበርና። እሷም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ቀን እየሠራች ማታ እየተማረች፣ ከእኩዮቿ አራት ዓመት ዘግይታም ቢሆን ፋርማሲስት ሆነች። እናቷን አትሰድብም፣ አታኮርፍም። በየሁለት ሳምንቱ የደም ግፊት ክኒናቸውን ይዛላቸው ትመጣለች፤ "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ" ይባባላሉ፤ ግማሽ ሰዓት ተቀምጣ ትሄዳለች። ከላይ ሲያዩአቸው እናትና ልጅ፣ ውስጡን ግን ሆድና ጀርባ። እትዬ ፊሽካ ይህን "ልጄ ቁጥብ ናት" ይሉታል። ኧረ ወዲያ! የምን ቁጥብነት!

ባለፈው ዓመት ሃያ የእጅ ሰዓቶች በካርቶን ታሽገው መጡ። አንድ የጤና ኮሌጅ ለጥናት ብሎ ለመንፈቅ ዓመት ያዋሳቸው ናቸው። ሰዓት ይባሉ እንጂ ዋና ሥራቸው የልብ ምት መቁጠር ነው። ነገሩን ለእትዬ ፊሽካ ያስረዳቸው የሳይንስ መምህሩ ነው፤ ወጣት፣ ቀጫጫ፣ ሲናገር እጁ አርፎ የማይቀመጥ ሰው። ልብ ረጋ ሲል ሰማያዊ ያሳያል፤ ሞቅ ሲል አረንጓዴ፣ ጠንከር ሲል ብርቱካናማ። ልብ የአቅሙ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ደግሞ ቀይ ይሆንና እጅ ላይ እየነዘረ ይጮኻል። ቀዩ ቀጠና ገብተሃል፣ ቀስ በል ማለቱ ነው።

"ሩጫ በእግር ነው እንጂ በእጅ አንጓ ነው እንዴ?" አሉ እትዬ ፊሽካ። "እኔ ልጁን ሳየው አውቀዋለሁ። የሚሠራው ይሮጣል፣ ሰነፉ ይንቀራፈፋል።"

"አንዴ ብቻ ይሞክሩት እትዬ። ካልወደዱት ወደ ካርቶኑ እንመልሰዋለን።"

"እስቲ መጫወቻህ ይታይልህ።"

ልጆቹ ሰዓቱን አስረው ሜዳ ወጡ። ከፊት እንደ ወትሮው ልጆቹ ጥይት የሚሏት ረጅም ልጅ ናት። ከኋላ እንደ ወትሮው የልብስ ሰፊዋ ልጅ። ይቺኛዋ ደልደል ያለች፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። በሩጫ ቀን ሆዴን ቆረጠኝ ብላ አታውቅም፤ ትመጣለች፣ ትሮጣለች፣ መጨረሻ ትወጣለች። እትዬ ፊሽካ ዓመቱን ሙሉ "አንቺ! ገበያ የምትወጪ መሰለሽ እንዴ? እግርሽን አንሺ!" ሲሉባት ነው የከረሙት። ገና በሁለተኛው ዙር እጇ ላይ ያለው ሰዓት ጮኸ። ቀይ! ሜዳው በሳቅ ሞላ።

"ቲቸር፣ ሰዓቱ እንኳ ሰልችቶት ነው የጮኸባት!" አለ አንዱ ቀልደኛ።

እትዬ ፊሽካ ፊሽካቸውን ነፉና ሁሉንም አስቆሙ። "ሰዓቱ ተበላሽቷል" ሲሉ ፈረዱ። በሥራ ዘመናቸው ስንት የሩጫ ሰዓት ሲያዛባ አይተዋል፤ መላውንም ያውቁታል። አንዱን ሰዓት ከጠረጠሩ ከሌላው ጋር ማቀያየር ነው። ስህተቱ ሰዓቱን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የሰዓቱ ነው፤ እዚያው ከቀረ ግን ሰዓቱን አትውቀሰው። የጥይትን ሰዓት አውልቀው ለልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ የእሷን ለጥይት አሰሩ። አሳርፈው፣ ሁለቱም ሰዓቶች ሰማያዊ እስኪሆኑ ጠብቀው፣ "ሩጡ!" አሉ።

ጥይት ሁለት ዙር ዞራ መጣች። "ተበላሽቷል" የተባለው ሰዓት እጇ ላይ ብርቱካናማ ሆኖ ዝም ብሏል። ከኋላ፣ ገና አንዱን ዙር ጨርሳ ሁለተኛውን ስትጀምር፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ እጅ ላይ ደህነኛው ሰዓት ጮኸ። አሁን የሳቀ የለም።

"ዕቃ ሊዋሽ ይችላል፣ ጣቴ ግን አይዋሽም" ብለው እትዬ ፊሽካ ሁለት ጣታቸውን የልጅቷ አንገት ላይ አሳረፉ። በአሥራ አምስት ሴኮንድ አርባ ዘጠኝ ቆጠሩ። በአራት ሲባዛ መቶ ዘጠና ስድስት። የጥይትን ቆጠሩ፤ ሠላሳ ስምንት፣ መቶ ሃምሳ ሁለት ማለት ነው። ድጋሚ ቆጠሩ። ያው ነው።

"ሁልጊዜ ስትሮጪ እንዲህ ነው የሚመታብሽ?"

"አዎ ቲቸር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። "ሁሉም ሰው እንደዚህ የሚሆን መስሎኝ።"

እትዬ ፊሽካ ልጆቹን ወደ ክፍል ሰደው ዕቃ ክፍል ገቡና የጂምናስቲክ ፍራሾቹ ክምር ላይ ቁጭ አሉ። የልብ ምት መቁጠር ለእሳቸው አዲስ ነገር አልነበረም እኮ! በየዓመቱ ያስተምሩታል። ግን ለማሳያ ሁልጊዜ የሚጠሩት አንደኛ የወጣውን ልጅ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የአሸናፊ አንገት ሲዳስሱ ኖረው፣ አንድ ቀን እንኳ የመጨረሻውን ልጅ "ና እስቲ" ብለው አያውቁም። ከዚያ የገዛ ልጃቸው ትዝ አለቻቸው፤ ፊቷ ቲማቲም መስሎ፣ አፏን ከፍታ፣ እጆቿ ተንጠልጥለው ስትሮጥ። እና እሳቸው ከመስመሩ ላይ ሆነው "የእናትሽን ስም አታሰድቢ!" ሲሏት። ያቺን ልጅ ጥለው፣ መጣላቸውን ደግሞ እንደ ሜዳልያ በየወላጁ ፊት ሲያሳዩት ኖረዋል። "ወይ እኔ!" አሉ ብቻቸውን። "ምን ዓይነት ድንጋይ ነኝ!"

ሌላ ሰው ቢሆን ሰዓቶቹን ወደ ካርቶኑ መልሶ ይገላገል ነበር። ጡረታቸው ሦስት ዓመት ቀርቶታል፤ ማን ይጠይቃቸዋል? እትዬ ፊሽካ ግን ሌላ ሰው አይደሉም። በመጀመሪያ የልብስ ሰፊዋን ልጅ ከእናቷ ጋር ጤና ጣቢያ ወሰዱ። ሐኪሙ ልቧ ጤነኛ ነው፣ ደሟ ግን ያንሳል ብሎ ክኒን አዘዘላት፤ ትሩጥ፣ ግን በልኳ። ቀጥለው የመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሡ።

"የሩጫው ሕግ እንዲነሣ ነው የምጠይቀው" አሉ።

ርእሰ መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። "የትኛው ሕግ? የእርስዎ? የገዛ ልጅዎን የጣሉበት?"

"እሱኑ። ተሳስቼ ነበር። እኔ የለካሁት እግር ነው፤ ልፋት ግን በእግር ብቻ አይለካም። ከሁሉ የበለጠ የለፋውን ልጅ ሰነፍ እያልኩ ስጥል ኖሬያለሁ።"

ዕድሜ እኩያቸው የሆነው የሂሳብ መምህር ፈገግ ብሎ "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ…" ሲል ጀመረ።

"ተረቱን እኔም አውቀዋለሁ፣ አንተ ሰው። ድስት ጥጄ ማልቀሴ ነው፤ አልቅሼ ልጨርስበት!"

"እሺ፣ እስከ ዛሬ የወደቁትስ ምን ይሁኑ?" አለ ርእሰ መምህሩ።

"ሁሉን ላገኛቸው አልችልም" አሉ እትዬ ፊሽካ። "አንዷን ግን አውቃታለሁ። እቤቴ ነው ያደገችው።"

ሕጉ ተነሣ። አዲሱን ሕግ ያን ዕለት አብረዋቸው የጻፉት የሳይንስ መምህሩና፣ ማን ያምናል፣ ያው የሂሳብ መምህር ናቸው፦ ስድስቱን ዙር የጨረሰ ያልፋል። ሰዓቱ ቀይ ብሎ ሲጮህ ይራመዳል፤ ወደ ብርቱካናማ ሲመለስ ይሮጣል። በስንት ደቂቃ የሚል ቃል የለበትም።

የፈተናው ቀን ጥይት ከስድስት ደቂቃ በታች ገባች። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ሰዓቱ ሲጮህ እየተራመደች፣ ሲተዋት እየሮጠች፣ የመጨረሻውን አንድ ዙር ተኩል ብቻዋን ዞረችው። እትዬ ፊሽካ መስመሩ ላይ ቆመው ጠበቋት፤ ልጆቹንም "ማንም ንቅንቅ እንዳይል!" ብለው አቆሟቸው። አሥር ደቂቃ ከሃምሳ ሴኮንድ። ስትገባ ክፍሉ በሙሉ እንደ ጉድ ጮኸላት፤ ያ ቀልደኛ ልጅ ከሁሉም በላይ ጮኸ። እትዬ ፊሽካም "አልፋለች" ብለው ጻፉ።

በማግሥቱ ልጃቸው ወደምትሠራበት ፋርማሲ ሄዱ። ሄደው አያውቁም ነበር፤ ክኒኑ ራሱ ቤታቸው ይመጣላቸዋል። ሰልፍ ነበር። እናቷ ነኝ ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር፤ አልፈለጉም፤ ተሰለፉ። ከፊታቸው አራት ሰው፣ ከኋላቸው ሳል የያዛቸው አንድ ሽማግሌ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሜዳ ሙሉ ልጅ ያዘዙ ሴትዮ እንደ ማንም ተራቸውን ጠበቁ። ከሰዓቶቹ አንዱን አስረው ቢሆን ኖሮ መንገዱን ሁሉ በጩኸት ይሞላው ነበር።

ተራቸው ደርሶ ልጃቸው ቀና ስትል ደነገጠች። "እማዬ! ምን ሆንሽ? ክኒኑ አለቀ እንዴ?"

"ለክኒን አይደለም የመጣሁት።" አሉ እትዬ ፊሽካ። "ያኔ… የጣልኩሽ ጊዜ። ሰነፍ አልነበርሽም። ከሁሉም በላይ የለፋሽው አንቺ ነበርሽ፤ ያላየሁት እኔ ነኝ። ዕድልሽን የዘጋሁብሽ እኔ ነኝ። ይህን ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ይቅር በይኝ።"

ፋርማሲስቷ አንድ የክኒን ፓኮ አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

"ጨርሼው ነበር እኮ" አለች።

"ምኑን?"

"ስድስቱን ዙር። ሰባት ተኩል ሲሞላ ፊሽካ ነፍተሽ ልጆቹን ይዘሽ ገባሽ። እኔ በወዲያኛው ጫፍ አምስተኛው ዙር ላይ ነበርኩ። ካቆምኩ ሰነፍ ናት ማለትሽ ልክ ይሆናል ብዬ ሮጥኩት። ስደርስ መስመሩ ላይ ሰው የለም።"

"ማንም አላየሽም?"

"አትክልተኛው አየኝ። የውሃ ጎማውን ጥሎ አጨበጨበልኝ። ማታ እራት ላይ ልነግርሽ ነበር። አንቺ ግን ቀደም ብለሽ 'ልጄ ብትሆኚም ሕግ ሕግ ነው' አልሽኝ። ተውኩት።"

ሃያ ዓመት! እትዬ ፊሽካ የባንኮኒውን ጠርዝ ጨብጠው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እንደ ልጅ እያነቡ አለቀሱ። ልሸሽገው አላሉም።

ከኋላቸው ሽማግሌው ሳላቸውን ዋጥ አድርገው "ልጄ፣ የእኔስ ሽሮፕ?" አሉ።

"አንድ ጊዜ ይታገሡኝ አባባ፣ እናቴ ናት" አለችና የባንኮኒውን ሳንቃ ወደ ላይ አንሥታ ወጣች።