ሰማንያኛዋ ቀን በጮቄ ሸንተረር ላይ

መንገድ መምራት የጀመርኩት ባሌ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ በገባ በሳምንቱ ነው። ጣሊያን ዋናው መንገድ ላይ ኬላ አቁሞ በቅሎ ይቀማ ስለነበር፣ ሰው የጮቄን ተራራ ማቋረጥ መርጦ ነበር። የመንገድ መሪዎቹ አለቃ አያ ታምሩ በመጀመሪያው ቀን ዘንግና የጠፍር ገመድ ሰጡኝና፣ «ጉም ከወረደ ቁሚ። ከጉም ጋር የተሽቀዳደመ ገደል ገባ» አሉኝ። ሌላ ትምህርት አልነበረም።

ሥራው የአንድ ቀን መንገድ ነው። ከሮብ ገበያ በላይ ጎህ ሲቀድ እንነሳለን። የጓሳውን ሣር አቋርጠን፣ ጅባራ የበቀለበትን ሸንተረር ተሻግረን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማዶ እንደርሳለን። በየመታጠፊያው ሦስት ሦስት ድንጋይ ለምልክት እንደራርብ ነበር፤ ስንመለስ የወደቀውን እናነሳለን።

አንድ የጥቅምት ረቡዕ ደሴ የሚባል ገበሬና ሚስቱ የሺ ሴት ልጃቸውን ክርስትና ሊያስነሱ መጡ። የሰፈራቸው ቄስ ጫካ ስለገቡ ቤተ ክርስቲያናቸው ተዘግቶ ነበር። ማዶ ያለችው ማርያም ግን ይቀደስባታል። ሐሳባቸው ማታ ደርሰው፣ አድረው፣ በማግስቱ በሰማንያኛው ቀን ማስጠመቅ ነበር። ክርስትና እናት የምትሆነው የደሴ እህትም በማግስቱ ከደብረ ማርቆስ ትመጣለች።

ሸንተረሩ ላይ ስናርፍ የሺ ልጇን እያጠባች ደሴን፣ «ለመሆኑ ቀኑን እንዴት ቆጠርከው?» አለችው።

«በቀን አንድ ባቄላ ቅል ውስጥ እጥል ነበር። ዛሬ ሰባ ዘጠኝ።»

«መቼ ጀመርክ?»

«ማታ ከአረም ስገባ ሴት ወለደች አሉኝ። በማግስቱ ጀመርኩ።»

«እኔ የወለድኩት በቀትር! የዚያን ቀን ባቄላ የታለ?»

ደሴ ጣቱን ማጠፍ ጀመረ። ለካ ሰማንያኛው ቀን ዛሬ ነው።

«በሬህንም የምትቆጥረው እንዲህ ከሆነ፣ ጅብ ሲበላው አታውቅ!» አለችው። ወዲያው እንባዋ መጣና ወደ እኔ ዞረች። «የፊተኛዋ ሳትጠመቅ ሞታብኛለች፣ እቴ ጥሩነሽ። ይቺን ቀኗ አይለፋት።»

ፀሐይዋን አየሁ። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጊዜ ነበረን። በተለመደው ዙሪያ መንገድ ግን አይደረስም። ዝንጀሮ የሚወርድበት አቋራጭ አለ፤ ሕፃን ይዤ ወርጄበት አላውቅም። ልጅቱን በአንቀልባ አዘልኳት። ጠፍሩን በእኔና በየሺ ወገብ አሰርኩ። ደሴን፣ «አንተ ተቀምጠህ እየተንሸራተትክ ውረድ» አልኩት። ወረደ። የሱሪው መቀመጫ ገደሉ ላይ ቀረ። የሺ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ልጅቱ እስከ ታች ተኝታ ነበር።

ቄሱ ሊገቡ ሲሉ ደረስን። ደሴ ጋቢውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ መስቀል ተሳለመና ዛሬ የልጅቱ ሰማንያኛ ቀን መሆኑን ነገራቸው።

«ክርስትና እናቷ የታለች?» አሉ።

«ነገ ትመጣለች፣ አባ።»

«ነገማ ሰማንያ አንድ ነው፣ ልጄ።»

የሺ ዘወር ብላ አየችኝ። ቄሱም አዩኝ። «ጾመሻል?»

«ውሃም አልቀመስኩ፣ አባ።»

«እንግዲያ አንቺ ተቀበያት።»

ከውሃው ስትወጣ ጮኸች፤ ተቀበልኳት። እናቷ ከሰማንያ ቀን በኋላ ቤተ ክርስቲያን ገብታ እልል አለች። በማግስቱ የደሴ እህት ድፎ ዳቦ ተሸክማ ደረሰችና፣ «ያለ እኔ?» ብላ ተቆጣች። ዳቦውን ግን አብረን በላነው።

አሁን ያቺ ልጅ ራሷ እናት ናት። ተመስገን።

ለዚህ ሥራ አዲስ የሆናችሁ፣ ሰው ለክርስትና ስትመሩ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ቀኑን እናትየዋን ጠይቁ።