ጎርፍ ሊያዩ የመጡት ሰርገኞች

ሐጂን ልጃቸውን ልጠይቅ የሄድኩ ዕለት ሻይ አቀረቡልኝ፣ ሥራ እንዴት ነው አሉኝ፣ ስለ ድሬዳዋ ሙቀት አወራን። እንደ ምንም ጉሮሮዬን ጠርጌ ወደ ዋናው ነገር ስገባ እሺም እምቢም አላሉኝም። ብርጭቋቸውን አስቀመጡና፣

«ለመሆኑ ማን ይመጣልሃል?» አሉኝ።

ነገሩ ገብቶኛል። ሀርጌሳ ላይ ጋብቻ የሁለት ሰው ጉዳይ አይደለም። የወንዱ ወገን ባንድ በኩል፣ የሴቷ ወገን በሌላ በኩል ተደርድሮ ይቀመጣል። አጎት ይናገራል፣ የአጎት ልጅ ይናገራል፣ ከሩቅ የመጣ የአያት ወንድም ደግሞ ሁለቱ የተናገሩትን ይደግማል። እኔ አንድ የስፌት መኪና ይዤ ከድሬዳዋ የመጣሁ ሰው ነኝ። እናትና አባቴ አልፈዋል፣ ወንድሜ ጅዳ ነው፣ እሱም ስልክ አያነሳም። በኔ በኩል ተደርድሮ የሚቀመጥ ካለ የስፌት መኪናዬ ብቻ ናት።

ሐጂ ይህን ሁሉ አሳምረው ያውቃሉ። የዚህ አገር ሰው ይሁኑ እንጂ በስደቱ ዘመን ድሬዳዋ ብዙ ኖረዋል፣ አማርኛቸው ከኔ ይሻላል። ደስ ሲላቸው በሶማሊኛ ያመሰግኑኛል፣ ሲናደዱ በአማርኛ ይሰድቡኛል። ስድቡ ስለሚበዛ አማርኛዬ አልጠፋብኝም።

ልጅቷማ እሺ ብላኛለች። ፋርማሲ ነው የምትሠራው። እኔ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር፣ ከደረቁ ወንዝ አፋፍ ላይ ባለች አንዲት ክፍል የመጅሊስ፣ ማለት መሬት ላይ የሚዘረጋ የእንግዳ መቀመጫ፣ ፍራሽና ትራስ እሰፋለሁ። ለእናቷ መጅሊስ ልታዝ መጥታ የጨርቁን ቀለም ለመምረጥ ስትመላለስ ከረመች። ዛሬ ቀዩ ይሁን ትላለች፣ ነገ ቀዩን ተወው ትላለች። ሰው እንደዚያ አድርጎ ቀለም አይመርጥም፣ እኔም ሞኝ አይደለሁም። ግን አባቷ ካልፈቀዱ እንደማይሆን ሁለታችንም እናውቀዋለን። የቀረችን ያቺ የሐጂ ጥያቄ ብቻ ነበረች።

ወንዝ ስል ውሃ እንዳይመስላችሁ። ከተማውን ለሁለት የሚከፍል ሰፊ አሸዋ ነው። በበርሜል ውሃ እየቀዱ መኪና ያጥቡበታል፣ ሰልባጅ ይዘረጉበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል፣ እኔም ስፖንጅ አሰጣበታለሁ። ዝናቡ የሚጥለው በላይ፣ ተራሮቹ ላይ ነው። እዚህ ፀሐይ እየጠበሰን ውሃው ከዚያ ድንገት ይወርዳል። ልጅ ሆኜ ድሬዳዋ ላይ እንዲህ ያለ ደረቅ ወንዝ ሞልቶ የጎረቤቶቻችንን ቤት ሲወስድ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በሌላው ነገር ሁሉ እቀልዳለሁ፣ በጎርፍ ግን አልቀልድም።

ያን ሰሞን ባሕሩ ላይ ዝናብ ያዘለ ከባድ አውሎ ነፋስ ተነስቷል፣ ወደኛ እየመጣ ነው ተባለ። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አንድ ነጭ የሚሽከረከር ነገር እያየ የአየር ንብረት ሊቅ ሆነ። የሰፈሩ ኮሚቴ ከዐስር ሶላት በኋላ መስጊዱ አጥር ጥግ ስብሰባ ጠራ። ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣ ጎልማሳ ስለ «ፕሪፔርድነስ» እና ስለ «ኧርሊ ዋርኒንግ» አስረዳን፣ ብስኩትና የታሸገ ውሃ አደለን። አንድ ሽማግሌ ባለፈው ጎርፍ ጊዜ እናንተ የመጣችሁት ውሃው ከደረቀ በኋላ ነበር ሲሉት፣ እኔ አጠገቤ ላለው የአገሬ ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አልኩት። ሐጂ ከወዲያ ሆነው ሰምተው ሳቁ። እስከዚያ ድረስ እንግዲህ ሰላም ነበርን።

ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። አንዱ ግንብ ይሠራ ይላል። አንዱ ከወንዙ ውስጥ ነጋዴ የሚባል ይነሳ ይላል፣ ሰልባጅ ሻጮቹ ደግሞ አንተ ሱቅ ስላለህ ነው ይሉታል። ሌላው ዝናብ ራሕመት ነው፣ ከአላህ እዝነት የሚሸሽ ማን ነው ብሎ ይነሳል። እኔ እጄን አወጣሁና ሜጋፎን ይገዛ አልኩ። ከላይ ውሃው ሲወርድ ዘመድ ለዘመድ መደወሉ አይቀርም፣ ተደውሎለት የሰማው ሰው በሜጋፎን ወንዙ ዳር እየዞረ ይጥራ፣ ሰው ይሽሽ፣ አለቀ። የመሥሪያ ቤቱ ሰውዬ ወደደው። «ቬሪ ጉድ» አለ።

ሐጂ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና የኛ ሰው ውሃ መጣ ሲሉት አይሸሽም፣ ሊያይ ይወጣል አሉ። ይህ ልጅ ሜጋፎን ከያዘ ጭራሽ እቤቱ የተኛውንም ቀስቅሶ ያመጣዋል አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ ደሜ ቶሎ ይፈላል። ልጃቸውን እየለመንኳቸው እንዳለሁ ጭልጥ አድርጌ ረሳሁት። በሰው ሁሉ ፊት፣ ሐጂ ሰውን እንደ ሕፃን ነው የሚያዩት፣ ሞት ሲመጣበት የማይሸሽ ፍጥረት የለም አልኳቸው። አንዴ አዩኝና ተቀመጡ። ሜጋፎኑ እንዲገዛ ተወሰነ፣ ያዡም እኔ ሆንኩ።

ማታ ልጅቷ ደወለች። አባቴን በጉባኤ መሀል መሞገትህን ሰማሁ፣ ጎበዝ፣ አሁን ማን እንደሚመጣልህ እናያለን አለችኝ። ሳቋን ሰምቼ ትንሽ ተጽናናሁ። ግን ስልኩን ከዘጋች በኋላ በገዛ እጄ በሩን ከርችሜ ቁልፉን የጣልኩት ያህል ተሰማኝ።

አውሎ ነፋሱ የደረሰ ቀን ከተማው ላይ ጠዋት ካፊያ ቢጤ ጣል አደረገና ተወው። ከዙሁር ሶላት በኋላ ፀሐይ ወጣች። ሰልባጅ ሻጮቹ ተመልሰው ዘረጉ፣ መኪና አጣቢዎቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔ ትራስ እየሞላሁ ሳለ ልጅቷ ደወለች።

«አክስቴ ከላይ ደውላለች» አለችኝ፤ «ወርዷል።»

አክስቷ፣ የሐጂ እኅት፣ ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ናቸው የሚኖሩት። የመንደሩ ሰው ቀድሞ በተስማማው መሠረት ፍራሹንና ፍየሉን ይዞ ከፍ ያለው ትምህርት ቤት ወጥቷል። ጋጣቸውን ውሃ ወስዶታል፣ ሰው ግን ደህና ነው። ትራሱን ወርውሬ ሜጋፎኔን አንስቼ ወጣሁ።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሠራ። በተሰባበረ ሶማሊኛዬ ጎርፍ ነው፣ ውጡ፣ ውጡ እያልኩ አሸዋው ላይ ሮጥኩ። ሻጮቹ ጨርቃቸውን በአንሶላ ጠቅልለው ወጡ፣ አጣቢዎቹ መኪናዎቹን አስነስተው ወጡ። አንድ እግር ጫማዬ አሸዋ ውስጥ ሰምጦ ቀረ፣ ማን ዞሮ ያየዋል። በአንድ እግር ጫማ ዳገቱን ወጥቼ ዞር ስል ወንዙ ባዶ ነበር። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሐጂ የት አሉ፣ መጥተው ባዩልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ወዲያው ሰው መምጣት ጀመረ። ከየሰፈሩ፣ 26 ጁን ከሚባለው ሰፈር ሳይቀር በባጃጅ ተጭኖ መጣ። አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። ሻይ ሻጯ ፔርሙሶቿን ተሸክማ አፋፉ ጫፍ ላይ ጎለተቻቸውና መቅዳት ጀመረች። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ወደ ላይ አነጣጠረ። እኔ ጥፉ ብዬ በጮህኩ ቁጥር የሚሰማኝ ይበዛል፣ የሰማኝም ይመጣል። ወይ ጉዴ! አንዱ ጭራሽ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ የት ጋ ብቆም ደህና ይታየኛል ብሎ ጠየቀኝ።

የቆሙበት አፈር ደግሞ ገደል ነው። ከሥሩ ባለፈው ጎርፍ ተበልቶ ባዶ ሆኗል፣ ከላይ ሲያዩት ግን መንገድ ይመስላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እኮ እዚህ ነው። ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ በመጨረሻም በአማርኛ ሰደብኳቸው። አጨበጨቡልኝ። ከላይ በኩል አንድ ጉምጉምታ ይሰማ ጀመር። በልጅነቴ የሰማሁት ድምፅ ነበር።

ሐጂ በከዘራቸው ሰዉን እየከፈሉ መጡ። በሂና የቀላው ጢማቸው ላብ በላብ ሆኗል። «አልነገርኩህም?» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉኝም። ሜጋፎኑን ከእጄ ላይ ቀሙኝና አንዴ አንገታቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ወንዙ፣ አንዴ ወደ ሕዝቡ፣ ከዚያ ደግሞ ወደኔ አዞሩ። በሶማሊኛ እንዲህ አሉ፦

«ስሙ! የልጄ ኒካሕ አሁን ነው። ከዚህ ፍራሽ ሰፊ ጋር ነው። ቤቴ ጣፋጭ ሐልዋ አለ፣ የዘገየ አያገኝም!»

ሕዝቡ ዞሮ እኔን አየኝ። አፌን ከፍቼ፣ በአንድ እግር ጫማ፣ በላብና በአሸዋ ተለውሼ ቆሜያለሁ፣ ከዚህ የበለጠ ሙሽራ የሚመስል ሰው አይገኝም። እልልታው ከሴቶቹ ተነሳ። አባትየው ልጁን እንደተሸከመ ዳገቱን ተያያዘው፣ ሻይ ሻጯ ፔርሙሶቿን አንጠልጥላ ከፊት ሆነች፣ ባጃጆቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ዞሩ። የመጨረሻው ሰው አስፋልቱን እንደረገጠ ውሃው ደረሰ። ጎማ፣ በር፣ ሙሉ የግራር ዛፍ ይዞ ነው የመጣው። ሻይ ሲቀዳበት የነበረው አፋፍ ዱብ ብሎ ገባ። ኋላችንን ዞረን አየን። የሳቀ አልነበረም። ከዚያ አንድ ሰው አልሐምዱሊላህ ሲል ሁላችንም ተቀበልነው፣ ሳቁም ያኔ መጣ፣ እንባ ያለበት ሳቅ ነበር።

ዛሬ ኮሚቴው አሁንም ይከራከራል። አንድ ነገር ላይ ግን ተስማምቷል። ሜጋፎን የያዘ ሰው ሽሹ ብሎ አይጠራም፣ ከፍ ብሎ ወዳለው የሰፈራችን ትምህርት ቤት ኑ፣ ሻይ አለ ነው የሚለው። ሰው የሚሸሽበትን ብቻ ሳይሆን የሚሄድበትንም ይፈልጋል።

ያን ቀን ግን ሐጂ ቤት በራፍ ላይ ስንደርስ ሐልዋ የሚባል የለም፣ ወሬውን የሰማም የለም። ባለቤታቸው በቤት ልብስ ወጥተው መንገዱን የሞላውን ሰው ሲያዩ በሩን መልሰው ዘጉት። ሐጂ እጃቸውን አነሱና፣ ጎበዝ፣ እንድትተርፉ ብዬ ነው፣ በሉ በሰላም ወደየቤታችሁ አሉ። ልቤ እዚያው ስንጥቅ አለ። ሞኝ ነኝ፣ ዳገቱን ስወጣ እውነት መስሎኝ ነበር።

የመስጊዳችን ሼኽ ከሕዝቡ ጋር ወጥተው ኖሮ ብቅ አሉ። ሐጂ፣ በኒካሕ ቀልድ የለም፣ ቀልዱም ቁም ነገር ነው፣ ይህን እኔ አላስተምርዎትም አሏቸው። ደግሞም ልጅቷ ሳትጠየቅ የሚሆን ነገር የለምና እሷ ትጠየቅ አሉ። ሐጂ ጢማቸውን ይነካኩ ጀመር። የላይኛው መስኮት ተከፈተ፣ ልጅቷ ሻሿን እያስተካከለች ብቅ አለችና ሕዝቡ እንዳይገባው በአማርኛ ተናገረች፦

«አባ፣ ከተማው በሙሉ ሰምቶ ያልተጠየቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጠይቁኝ እንጂ!»

ጠየቋት። እሺ አለች። መህሩስ፣ ጥሎሹስ ምን ይሁን ሲባል በእጁ የሰፋው መጅሊስ፣ ቀዩ፣ አለች። እናትየው ከውስጥ ሆነው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያሉ ያጉረመርማሉ፣ ግን ስኳርና ቴምር ሲያወጡ ይሰማኛል።

ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጠፈ። ሼኹ እንደ ወጉ የሴቷ ወገን በዚህ፣ የወንዱ ወገን በዚያ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ብቻዬን ሄጄ በወንዱ በኩል ተቀመጥኩ፣ ጫማ የሌለውን እግሬን ከሥሬ ደበቅሁ። ያቺ ጥያቄ እንደገና መጣችብኝ፣ አንገቴን ደፋሁ። ያኔ አንዱ መኪና አጣቢ መጥቶ አጠገቤ ዘፍ አለ። ቀጥሎ ሰልባጅ ሻጮቹ የተቋጠረ ጨርቃቸውን እንደያዙ መጡ። ባጃጅ ነጂዎቹ መጡ፣ ልጁን የተሸከመው አባት መጣ፣ የት ጋ ብቆም ይታየኛል ያለኝም መጣ። ምንጣፉ ሞላ፣ ከምንጣፉ ውጪ መሬቱ ሞላ፣ ከበሩ ውጪም ቀጠለ። በሴቷ በኩል ሐጂና ሁለት ወንድሞቻቸው ግድግዳው ጥግ ተጣበው ቀሩ።

ሐጂ ያንን ሁሉ ሰው ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። እንባዬ መጥቶ ነበር፣ አላፈርኩበትም።

«በል እንግዲህ» አሉኝ በአማርኛ፣ «ሰዎችህን ትንሽ ጠጋ በሉ በላቸው፣ እኛም የምንቀመጥበት እናግኝ።»