ክሩ ያልተቀየረው ካፖርት

ሰፈሩ ያወጣላት ስም «እትዬ ሁለተኛ» ነው። ልደትም ይሁን ምርቃት፣ ሰው ቤት ባዶ እጇን ሄዳ አታውቅም፤ ይዛው የምትሄደው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው የተጠቀመበትን ዕቃ ነው። ሥራ የፈታ አፍ መጀመሪያ ላይ ቋጣሪ ናት ብሎ አምቷት ነበር። ቋጣሪ ብትሆንማ ኖሮ ርካሹን አዲስ ዕቃ ገዝታ ትገላገል ነበር። እሷ ግን ለአንድ ሰው የሚሆን አንድ ነገር ፍለጋ እሁዷን ሙሉ አሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ ስትንከራተት የምትውል፣ ያገኘችውንም አጥባ፣ ወልውላ፣ ጠግና የምትሰጥ ሴት ናት።

ሚስቱ የሞተችበት ፀጉር አስተካካይ የቤቱ ጭርታ እንቅልፍ ነስቶት ሲንገላታ፣ ቀጭ ቀጭ ሲል ጎረቤት የሚቀሰቅስ የግድግዳ ሰዓት አምጥታ ሰቀለችለት። ሌሎች እንቅልፍ ነሳን ብለው የጣሉትን ሰዓት እሱ አቅፎት ሊተኛ ምንም አልቀረው። ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ በር ይዛ ለምታለቅስ ሕፃን ደግሞ እጀታው የላላ የቆዳ ቦርሳ ሰጠቻት። ቦርሳው መንገዱን ያውቀዋል፣ አንቺ ዝም ብለሽ ተከተይው አለቻት። ልጅቷም ተከተለችው። ከዚያ በኋላ ያማት የነበረው ሁሉ የራሱን ስጦታ መጠበቅ ጀመረ።

መተዳደሪያዋ ልብስ ማስተካከል ነው። የረዘመውን ታሳጥራለች፣ የጠበበውን ታሰፋለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ከሱቋ በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ከታናሽ እህቷ ጋር ትኖራለች። ያገለገለ ልብስ ስትሰጥ የማታፈርሰው አንድ ሕግ ነበራት፤ ከስፌቱ አንዱን ተርትራ በራሷ ክር መልሳ ሳትሰፋ ልብሱ ከእጇ አይወጣም። ዕቃ እንደ ድመት ነው ትላለች፤ ሌላ ቤት ብትወስደው የለመደበት ይመለሳል። በአዲስ ክር ከተሰፋ ግን የድሮውን ይረሳል። ታናሿ ይህን ስትሰማ ትስቅባታለች፣ እሷ ግን ስታወራው ፊቷ ፈገግ ብሎ አያውቅም።

እናታቸው የሞተችው ታናሿ ጡት ሳትጥል ነው። እትዬ ሁለተኛ ራሷ ገና ልጅ ሳለች አዝላ አሳደገቻት። ለትዳር የጠየቃት ሰውም አልጠፋም ነበር፤ «መጀመሪያ ይቺን ልጅ ላድርስ» ስትል ጊዜው አለፈ። ልጅቷ ደረሰችና ጥርስ ሐኪም ቤት ውስጥ ካርድ ክፍል ተቀጠረች። ከጫማዋ እስከ ፀጉር ማስያዣዋ ሰው የተገለገለበትን ስትጠቀም ኖራ፣ አንድ ቀን ሞልቶ ፈሰሰባት።

«የሰው ወርቅ አያደምቅም እታለም» አለቻት። «ለኔ ተብሎ የተሠራ አንድ ነገር ኖሮኝ አያውቅም።»

ቤት ተከራይታ ልትወጣ እንዳሰበችም ነገረቻት። እትዬ ሁለተኛ በዚህ ዓለም ያለቻት ይህች እህት ብቻ ናት። እሷ ከወጣች ከስፌት መኪናው በቀር የምታናግረው አይኖራትም፤ እሷን ላለማጣት የማታደርገው ነገር አልነበረም።

በዚያ ሰሞን ገበያ ውስጥ አንድ ካፖርት ዓይኗን ያዘው። ጠቆር ያለ ቀይ፣ ወፍራም ሱፍ፣ ቁልፎቹ ሁሉ ያልጎደሉ። የማን እንደነበረ ብትጠይቅ ሻጩ እኔ ምን አውቄ ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። ቤት ወስዳ ገልብጣ ስታየው ስፌቱ ከራሷ እጅ የሚበልጥ ሆኖ አገኘችው። መቀሷን አንስታ ልትተረትረው ስትል እጇ እምቢ አላት። እንዲህ ያለውን ሥራ ፈትቶ በባሰ እጅ መልሶ መስፋት ነውር ነው ብላ ራሷን አሳመነች። ሆድ ያውቀዋል፤ የባለሙያ ኩራትም ነበረበት፣ ችኮላም ነበረበት። ታናሿ የሚከራይ ቤት ማየት ጀምራለች።

ታናሿ ስትለብሰው ትከሻው፣ ወገቡ፣ እጅጌው አንድ መርፌ የሚያስነካ ቦታ አልነበረውም። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስትለካ የኖረችው ሴት እንዲህ ልክክ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ደስ ሊላት ሲገባ ጀርባዋን ቀዘቀዛት።

«ለኔ ነው የተሠራው፣ አይደል?» አለች ታናሿ መስታወቱ ፊት ቆማ።

እትዬ ሁለተኛ ዝም አለች። ታናሿ ዝምታውን አዎ ብላ ወሰደችው፣ አቅፋም ሳመቻት። ቤት የመከራየቱ ወሬ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ታናሿ እያመሸች መግባት ጀመረች። አውቶቡስ ላይ ትሳፈርና ሳታስበው የማታውቀው ፌርማታ ላይ ትወርዳለች፤ ይህን ራሷ እየሳቀች ነው ያወራችው። ሌላ ቀን ደግሞ በዚያው ከዚህ በፊት ረግጣው በማታውቀው ሰፈር አንድ ዳቦ ሻጭ «እንደ ሁልጊዜው?» ብሎ ሳትጠይቀው ዳቦ ጠቅልሎ ሰጣት። በግራ ትከፍል የነበረውን ፀጉሯን በቀኝ መክፈል ጀመረች። በስኳር ታጥለቀልቀው የነበረውን ሻይ ያለ ስኳር ትጠጣው ጀመር። ካፖርቱን ቤት ውስጥ እንኳ ይበርደኛል ብላ አታወልቀውም። እትዬ ሁለተኛ ነገሩን ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። እህቷ አልወጣችባትም፣ ትስቃለች፣ ታወራታለች፤ የቀረውን ማየት አልፈለገችም።

አንድ እሁድ ጠዋት ታናሿ ጥፍሯን እየሞረደች ሌላ ጨዋታ አነሳች። እዚያ ሰፈር በሩ አረንጓዴ የሆነ ቤት አለ። መስኮቱ ሥር የምትቀመጥ አንዲት አሮጊት ባየቻት ቁጥር እጇን ታውለበልብላታለች፣ እሷም ነውር እንዳይሆን ትመልስላታለች። ትናንት ግን አሮጊቷ በሩን ከፍታ ቆማ ጠበቀቻት።

«ቆየሽ አለችኝ» አለች ታናሿ።

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«አውቶቡስ አጥቼ ነው አልኳት።»

ይህን ስትል ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም። እትዬ ሁለተኛ ለምን እንደዚያ እንዳለች ልትጠይቃት ፈለገችና መልሱን ፈራችው።

ታናሿ ፀጉሯን ልትታጠብ ስትገባ እትዬ ሁለተኛ ካፖርቱን ይዛ ወደ ሱቁ ሮጠች። የአንዱን ትከሻ ስፌት ለመተርተር ብዙ ታገለች። የሳበችው ክር በመላላት ፈንታ እየጠበቀ ሄደ፣ ጣቷንም ቆረጣት። በመጨረሻ ለቀቀ። በራሷ ክር ሰፍታ፣ ተኩሳ፣ ወደ ነበረበት መልሳ ሰቀለችው።

በማግስቱ ጠዋት ታናሿ ካፖርቱን ለበሰችና ትከሻዋን ወዲያ ወዲህ አለች።

«ጠበበኝ» አለች።

አውልቃ ወንበር ላይ ጣለችውና በሹራብ ብቻ ወጣች። እትዬ ሁለተኛ ከሰነበተባት ጭንቀት እፎይ አለች፤ ያን ቀን ሱቅ ውስጥ ስታንጎራጉር የሰሟት ደንበኞቿ ምን ተገኘ ብለው ቀለዱባት። ታናሿ ግን ያን ማታም፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናትም አልተመለሰችም። ስልኳን አታነሳም። ሐኪም ቤቱን ስትጠይቅ እንደ ወትሮው በሰዓቷ ገብታ በሰዓቷ እንደምትወጣ ነገሯት። የምትሄድበት ቦታ አለ ማለት ነው። እትዬ ሁለተኛ ጥፋቱን ሁሉ ካፖርቱ ላይ ጥላ ነበር። ካፖርቱ ግን መንገዱን አሳይቶ ሥራውን ጨርሷል፤ ከእንግዲህ ቢለበስም ባይለበስም ለውጥ የለውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቋን ዘጋች፣ ካፖርቱን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ እህቷ የነገረቻት ፌርማታ ላይ ወረደች። አረንጓዴውን በር ስትጠይቅ ዳቦ ሻጩ ካፖርቱን አየት አደረገ። «የልጅቷ ነው? ቅድም ከእናቷ ጋር አለፈች» ብሎ በእጁ አሳያት።

ስታንኳኳ የከፈተችላት ክፉ ፊት ያላት ሰው አልነበረችም። ጽድት ያለች፣ የሳሙና ሽታ ያላት፣ ዓይኗ የሚስቅ አሮጊት ናት። እትዬ ሁለተኛ ግን ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ከአሮጊቷ ጀርባ ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ያንኑ ካፖርት የለበሰች፣ ፀጉሯን በቀኝ የከፈለች ወጣት ሴት። ከፎቶግራፉ ሥር ታናሿ እጅጌዋን ሰብስባ ጠረጴዛ ላይ ድንች ትልጣለች።

«እማዬ፣ ማን ነው?» አለች ዞር ሳትል።

ድምፁ የእህቷ ነው። ቃሉን ግን ከዚያ አፍ ሰምታው አታውቅም፤ ልጅቷ እንዲያ ብላ የምትጠራው ሰው ኖሯት አያውቅምና። ሲወጣ ደግሞ እንደለመዱት ቃል ቀለል ብሎ ነው የወጣው። ይህን ከየትኛውም ገበያ ፈልጋ ልታመጣላት እንደማትችል እትዬ ሁለተኛ በዚያች ቅጽበት አወቀችው። የተሰማት ቅናት ይሁን ሐዘን አልለየላትም።

«ሰው ነው ልጄ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አለች አሮጊቷ። ከዚያም ካፖርቱን ከክንዷ ላይ ቀስ አድርጋ ወሰደችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እርስዎ ነዎት የላኩልኝ፣ አይደል? ልጄ ከሞተች ወዲህ ሰው ያላመጣልኝ ነገር የለም። ብርድ ልብስ ነው፣ ሬዲዮ ነው፣ አንዱም አልሆነኝም። ይቺ ልጅ ግን ልክ ሆነችልኝ። አዲስ ባትሆንም፣ ተጠንቅቀው የያዟት መሆኗ ያስታውቃል። እግዜር ይስጥልኝ።»

እትዬ ሁለተኛ አፏን ከፈተች። እህቴ ናት፣ እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግኋት፣ መልሱልኝ ልትል ነበር የከፈተችው። አፏ ግን ዕድሜ ልኩን ለምስጋና መልስ ሲሰጥ የኖረ አፍ ነውና ቀደማት።

«ኧረ ምንም አይደል» አለች።

አሮጊቷ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።