በጌሙ ሃርድ ዲስክ ውስጥ የቀረው ድምፅ

ወንድሜን እንዳልካቸውን ንፋስ መውጫ ላይ የማያውቀው የለም። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ጌም ያጫውታል። ሰው ግን የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነው። እኔ ይታይሽ ታላቅ እህቱ ነኝና ሌላውን ልንገራችሁ። ምላስሽ ስለት ነው ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ የዚህን ነገር መጨረሻም ያበላሸው ይኸው ምላሴ ነው።

አባታችን መሪጌታ ተክለሃይማኖት እዚሁ አገራችን ባለችው የቤተ ልሔም ደብር የድጓ ዜማ መምህር ናቸው። እንዳልካቸው እስከ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ እግራቸው ሥር ተቀምጦ ተምሯል፤ ድምፁም መልካም ነበር። አንድ ቀን ግን ጥሎ ወጣ። ንፋስ መውጫ ገብቶ ሲላላክ፣ ባጃጅ ሲነዳ ቆየና ያገለገለ የጌም ማሽን ገዛ። አባባ ይህን ሲሰሙ "ልጄ የሰይጣን ጉባኤ ዘረጋ" አሉ። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት አላናገሩትም።

እሱ ደግሞ የባሰ ግትር! የሚያብረቀርቀውን ሲዲ ጠርዙን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ "ለአባባ ንገሪያቸው፤ ይኼ አንዱ ብቻ ሃምሳ ጊጋ ይይዛል" ይለኛል። ነገርኳቸው። "እኛ ዘንድ ድጓ የሚያዘው በጭንቅላት ነው፤ አቧራ አይበላውም" አሉኝ። እንዳሉትም አቧራው የማሽኑን ሲዲ ማንበቢያ በላው። የንፋስ መውጫ ነፋስ እኮ አቧራ የማያስገባበት ቤት የለም። ስለዚህ እንዳልካቸው ጌሞቹን ሁሉ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ባለው ሃርድ ዲስክ ላይ አስጭኖ ያጫውት ጀመር። ማሽኑ ቶሎ ስለሚግልበትም ክዳኑን አውልቆ ነበር የሚያሠራው።

እኔ ከአባባ ጋር ነው የምኖረው። የዛሬ ሁለት ዓመት በፍልሰታ ጾም፣ ማለዳ ሲያዜሙ ስልኬን ነጠላዬ ሥር ደብቄ ቀዳኋቸው። ለእንዳልካቸው ባሰማው እንባው ዱብ ዱብ አለ። "ስልክ ይሰረቃል፣ ፍላሽ ይጠፋል፤ ከሃርድ ዲስኩ የተሻለ ማኖሪያ የት አለ?" ብሎ እዚያው ገለበጠው። ልክ ነበር፤ ስልኬ ወር ሳይሞላ ወገዳ ገበያ ላይ ተሰረቀ። ከዚያ ወዲህ እንዳልካቸው በየማለዳው በሩን ሳይከፍት የአባባን ዜማ በቴሌቪዥኑ ይሰማል። ሲጨርስ በሩን ይከፍታል፤ የኳስ ጌሙ ጩኸት ይጀመራል።

ዓመቱ ሳይዞር አባባ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ባሕር ዳር እብጠቱ ተቆርጦ ሲወጣ ነፍሳቸው ተረፈች፤ ድምፃቸው ግን አብሮ ሄደ። ወይኔ አባቴን! አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ትንፋሽ ብቻ ሆነው ቀሩ። የሚያስተምሩበትን ጉባኤ ለደቀ መዝሙራቸው ለይስሐቅ ለቀቁ፤ የሚሉትን በደብተር እየጻፉ ያሳዩን ጀመር። መጀመሪያ የጻፉልኝ "ወንድምሽ ዘንድ ውሰጂኝ" የሚል ነው።

ወሰድኳቸው። እንዳልካቸው ሲያያቸው እግራቸው ላይ ወደቀ። አነሡት፤ አንገቱን አቅፈው አለቀሱ። ተጫዋቾቹ ሳይቀሩ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከዚያ አባባ ከጋቢያቸው ሥር የጸበል ጠርሙስ አወጡ። ያንን የሰይጣን ጉባኤ ያሉትን ቤት ሊባርኩለት ነው! የልጃቸውን ራስ ረጩ፤ ግድግዳውን ረጩ፤ ወንበሩን ረጩ። ማሽኑ ክዳኑ ወልቆ እየሠራ ነበር። ጠርሙሱ ወደዚያ ሲዞር እንዳልካቸው አይቷል፤ እኔም አይቻለሁ። እስኪ አምስት ዓመት የጠበቀውን ቡራኬ "ቆይ አባባ፣ መጀመሪያ ላንሣው" የሚል የማን ልጅ ነው? ራሱን ዝቅ አድርጎ "አሜን" አለ። ማሽኑ ጠሽ ብሎ ጠፋ፤ ቴሌቪዥኑም ጠቆረ።

"መብራት ሄደ አባባ" አላቸው። አምፖሉ ከራሳችን በላይ ቦግ ብሎ እየበራ ነው። ደግነቱ ቀና ብለው አላዩም።

እንዳልካቸው ማሽኑን በካርቶን ተሸክሞ ባሕር ዳር ጠጋኝ ዘንድ ሄደ። ሰውዬው አገላብጦ አየና፣ "ሃርድ ዲስኩ ደኅና ነው። ግን የሚያነበው የጻፈበት ማሽን ብቻ ነው፤ የሚፈታው ቁልፍ ከቦርዱ ጋር ተቃጥሏል። ሌላ ማሽን ላይ ብትገጥመው መጀመሪያ ሁሉን ላጥፋ ይልሃል" አለው። እንዳልካቸው ሌላ ያገለገለ ማሽን ፈልጎ ገጠመው። እውነትም ላጥፋ ብሎ ጠየቀው። አልነካውም፤ መልሶ ነቀለው። ድምፁ እዚያ ውስጥ አለ፤ ግን የለም። ለአባባ ምንም ላንነግራቸው ተማማልን።

ባለፈው ጥቅምት ይስሐቅ ለደግ ብሎ፣ ድምፃቸው ልጃቸው ዘንድ ተቀድቶ እንዳለ ነገራቸው። ለይስሐቅ ቀድሜ ያወራሁት እኔው ነበርኩ፤ አፌን በቆረጠው! አባባ ደብተራቸውን አነሡና "ድምፄን አሰሙኝ። እንዴት እንደ ነበር ረሳሁት" ብለው ጻፉ። እንዳልካቸውን ብጠራው ሃርድ ዲስኩን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። መጠኑ ከዳዊት መጽሐፋቸው አይበልጥም። "ተበላሽቷል አባባ" አላቸው።

"ማን አበላሸው?" ብለው ጻፉ። እሱ ጨርቁን አጥብቆ ጠቀለለው። ፊታቸው እንደ ድሮው ጨለመ፤ እስክሪብቶውን እየተጫኑ ጻፉ፦ "እነዚያ ዱርዬዎችህ ናቸው። ቡራኬዬም ከንቱ ቀረ። ውጣልኝ።"

እንዳልካቸው እንደዚያ ቀን ራሱን ዝቅ አደረገ። ሊወጣ ተነሣ። በጸበሉ ማሳበብ ስላልሆነለት አባቱን ሁለተኛ ሊያጣ ነው። ደሜ ፈላ፤ መሐላውን ረሳሁት።

"እርስዎ ነዎት አባባ!" ብዬ ጮህኩ። "የረጩት ጸበል ነው ያቃጠለው! እያየ አሜን አለልዎ እንጂ እሱ ምን አጠፋ?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እንዳልካቸው "ዝም በይ!" ብሎ አፌን ሊይዝ ዘለለ፤ አልፏል። አባባ እጃቸው ከደብተሩ ላይ ወደቀ። ከዚያ ሃርድ ዲስኩን እንዲሰጣቸው መዳፋቸውን ዘረጉ። በሁለት እጁ ሰጣቸው።

ጨርቁን ፈቱ። ወደ ጆሯቸው አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ ተማሪ ሲያዜም እንደሚያዳምጡት። ከዚያ ወደ እንዳልካቸው ቀና አሉና፣ ምንም አይሰማም እንደ ማለት ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ።