የጋሽ ኮቺቶ ካሶኒ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የጋራዡ ባለቤት ማስተር ተፈራ የሽቦ ብሩሽ፣ መፋቂያና ስልሳ ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሰጡኝና ከግቢው ጀርባ ወዳለው ጥግ አመለከቱኝ። «አቧራህ የሰው ቀለም ላይ እንዳያርፍ እዚያ ሆነህ ፋቅ» አሉኝ። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው። ከናዝሬት ቦንጋ ስገባ የማውቀው አንድ ሰው አልነበረኝም።

በጋራዥ ማዕረግ መካኒኩ ላይ ነው፤ የተጎዳ ላሜራ የሚያቃናውና የሚበይደው ባትላሜራ ይከተላል፣ ቀጥሎ ቀለም ቀቢው፣ ዝገት አራጋፊው ከሁሉም በታች። ሌሎቹ መኪና ሥር ተኝተው እንኳ ይቀላለዳሉ። እኔ አፍንጫዬን በጨርቅ አስሬ ከበርና ከጎማ መሸፈኛው ከፓራፋንጎ ጋር እውላለሁ። ቀልዱ በአገሬው ቋንቋ በካፊኖኖ ስለሆነ ሲስቁ እሰማለሁ እንጂ ምን እንዳሳቃቸው አላውቅም።

ሥራው ይህ ነው። ያበጠውን ቀለም በመፋቂያ ታነሳለህ፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ታራግፋለህ፤ በወረቀት ታሻለህ፤ በቤንዚን ትጠርጋለህ፤ ወዲያው ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት ትቀባለህ። ናዝሬት ላይ የተፋቀ ላሜራ ሁለት ቀን ቢያድር ግድ የለም። ቦንጋ ላይ ግን ጉሙ ቤት ድረስ ገብቶ ያድራል፤ ማታ ያብለጨለጨው ብረት ጠዋት ቢጫ ለብሶ ይጠብቅሃል።

በሁለተኛው ዓመቴ ጋሽ ኮቺቶ የሚባሉ የቢታ ገነት ሰው አሮጌ ፒክአፓቸውን አመጡ። ለከብት የሚጭኑት ጨው የካሶኒዋን፣ የኋላ ጭነት ሳጥኗን፣ ወለል አዝጎታል። «ቡናው መቅላት ጀምሯል» አሉ ለማስተር። «በሳምንት ካልደረሰችልኝ ገበሬዎቼ በሌላ መኪና ይጭናሉ።» ማስተርም በአምስት ቀን ትወጣለች ብለው ቃል ሰጡ።

ጋሽ ኮቺቶ ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት አርፈው በየቀኑ ይመጡ ነበር። ሌላው ደንበኛ ከማስተር ጋር በር ላይ ይቆማል፤ እሳቸው ግን ድንጋይ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ረጋ ባለ አማርኛ ስለ ቀፎዎቻቸው ያወሩልኛል፤ የትኛው ዛፍ ሲያብብ ማሩ እንደሚነጣ፣ የትኛው ዛፍ ላይ ቀፎ እንደማይሰቀል። አንድ ቀን «እናትህ አለች?» አሉኝ። ቦንጋ ከገባሁ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጎንበስ ብዬ መፋቄን ቀጠልኩ።

በሦስተኛው ቀን ወለሉ ጠራ። አንቲረስቱ ተበጥብጦ አጠገቤ ተቀምጧል። ከቀባሁት መኪናዋ ወደ ቀለም ቀቢው ትሄዳለች፤ ጋሽ ኮቺቶም አብረዋት።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይቀራታል። ነገ» አልኳቸው።

ጠዋት ብረቱ ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። እንደገና ፋቅኩ፤ እሳቸውም እንደገና ተቀመጡ። አራት ቀን እንዲህ አደረግኩ። ማስተር ሲጠይቁኝ «ዝገቱ ጥልቅ ነው» አልኩ። ብረት በተፋቀ ቁጥር እንደሚሳሳ ጠፍቶኝ አይደለም። ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በዚሁ በአራተኛው ቀን፣ መኪናዋ ከገባች በሳምንቷ፣ መፋቂያው ወለሉን በስቶ ወጣ። በዙሪያው ያለውም እንደ ወረቀት ይታጠፋል። ማስተር መጥተው ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይሄን ዝገት አልበላውም» አሉ፣ ጋሽ ኮቺቶ እየሰሙ። «አንተ ነህ የበላኸው።»

ባትላሜራው አዲስ ላሜራ ቆርጦ እስኪበይድ ሌላ ሦስት ቀን ሄደ። በዚያ መሃል ከቢታ መልእክት መጣ፤ ገበሬዎቹ ከሌላ መኪና ጋር ተስማምተዋል። የዓመቱ ጭነት አመለጣቸው ማለት ነው።

ሊሄዱ ሲሉ ወደ ጥጌ መጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ቆምኩ። «ለምን እንዲህ አደረግኸኝ?» ብቻ አሉ።

«እንዳይሄዱብኝ ነው፣ ጋሼ» አልኩ። መዋሸት አቃተኝ።

«ብትነግረኝ እኮ ያለ መኪናም እመጣ ነበር» አሉና ቁልፋቸውን ይዘው ወጡ።

ከዚያ በኋላ መኪናዋን ጅማ እንደሚያሠሩ ሰማሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ፣ የቢታው መኪና ሲሞላ አፍሬ ተመለስኩ። ሦስተኛ አልሞከርኩም።

ኋላ ባትላሜራ ሆንኩ፣ የራሴንም ጋራዥ ከፈትኩ፤ ብዙ ዝገት አራጋፊም ቀጠርኩ። ለእነሱ የምለውን ለእናንተም እላለሁ፦ የሰው መኪና ሥራው ከሚጠይቀው በላይ አንድም ቀን አይደር።